ጄስ ቫርኒሽ የማን ሠራተኛ ነበረች?

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሻያችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ስጽፍ ዓ.ም. ብዬ እለያለሁ።

ብስክሌት ሲነሳ የአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚሮጠው ወደ አስመራ ነው። ቢኒያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድ፣ ከዚያ በፊት ስለ ብስክሌት አውርቶ የማያውቅ ሁሉ በየካፌው ተንታኝ ሆኖ ነበር፤ እኔንም ጨምሮ። ዛሬ የማነሳው ግን ተራራና አስፋልት ያለበትን ብስክሌት አይደለም። ስለ አንዲት እንግሊዛዊት ነው። የውድድር ሥራዋ በ19 ሰከንድ ገደማ ያልቅ ነበር፤ ክርክሯ ግን አራት ዓመት ፈጀ።

መጀመሪያ ስፖርቱን ላስተዋውቃችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባም።

የትራክ ብስክሌት የሚካሄደው ቬሎድሮም በሚባል አዳራሽ ውስጥ ነው። ወለሉ እንጨት፣ ዙሩ 250 ሜትር ነው። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ወለሉ እንደ ግድግዳ ይነሳል፤ የለንደኑ 42 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። ብስክሌቱ ፍሬን የለውም፤ ማርሽ መቀየሪያም የለውም። ፔዳሉ ከኋላ ጎማው ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርም አብሮ ይዞራል፤ እግርን አሳርፎ መንሸራተት የለም። ስፕሪንተሮቹ በዚህ ላይ ሆነው በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈተለካሉ።

ከውድድሮቹ አንዱ የቡድን ስፕሪንት ይባላል። በ2012 የሴቶቹ ለሁለት ሰው፣ ሁለት ዙር ነበር። አንደኛዋ ከቆመችበት ተነስታ የመጀመሪያውን ዙር ትመራለች፤ ሁለተኛዋ ከነፋሱ ተከልላ ከኋላዋ ትከተላለች። ዙሩ ሲያልቅ መሪዋ ወደ ላይ ወጥታ መንገድ ትለቃለች፤ የቀረውን ሁለተኛዋ ብቻዋን ትጨርሳለች። ቅያሪው ደግሞ እንደፈለጉ የሚደረግ አይደለም፤ በመስመሩ አካባቢ በተከለለች አጭር ቦታ ውስጥ ብቻ ነው የሚፈቀደው።

ጄስ ቫርኒሽ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች፤ ከቆመችበት የምትነሳዋ፣ ነፋሱን የምትቀበለዋ፣ መስመሩን ሲያቋርጡ ግን ካሜራ ውስጥ የማትገባዋ።

በ2011 የዓለም ሻምፒዮና ከቪክቶሪያ ፔንድልተን ጋር ብር አመጣች። ፔንድልተን በዚያን ጊዜ ብሪታንያ ውስጥ ስሟ የገነነ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ናት፤ ቫርኒሽ ገና ሃያ ዓመቷ ነው። በ2012 የካቲት አካባቢ እዚያው ለንደን ቬሎድሮም ላይ ሁለቱ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ኦሎምፒኩ መጣ፤ በሜዳቸው፣ በሕዝባቸው ፊት። የሴቶች የቡድን ስፕሪንት በኦሎምፒክ ሲካሄድም ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዩክሬን ጋር በተጋጠሙበት ዙር ቀድመው ገቡ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ከዚያ ዳኞቹ ቪዲዮውን አዩና ቅያሪው ከተፈቀደው ቦታ ቀድሞ ተደርጓል ብለው ሰረዟቸው። የቀደሙት በዓይን እምብዛም በማይለይ ርቀት ነው። በቃ፤ ለሜዳልያ ሳይጋጠሙ ወጡ።

የብሪታንያ መውጣት ለጀርመኖች በር ከፈተ። ክሪስቲና ፎግልና ሚሪያም ቬልተ ባልጠበቁት መንገድ ለፍጻሜ አለፉ፤ በፍጻሜውም ቻይናዎቹ ቀድመው ቢገቡም በዚያው በቅያሪ ጥፋት ተሰረዙና ወርቁ ለጀርመን ሆነ። በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ከሰማይ ወረደላቸው ማለት ነው። ፎግልና ቫርኒሽ የተወለዱት በአንድ ዓመት፣ በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ ኅዳር 1990። ሁለቱም 21 ዓመታቸው ነበር። ፎግልን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ቫርኒሽ አልቅሳ ወደ ልምምድ ተመለሰች። ፔንድልተን ጡረታ ወጣች፤ ቫርኒሽ ከቤኪ ጄምስ ጋር ተጣምራ በ2014 የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኘች። የዓለም ሻምፒዮና ሜዳልያ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ለእንደ እሷ ዓይነት ስፖርተኛ ሁሉም ነገር የሚለካው በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ ቀጣዩ ሪዮ 2016 ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ኑሮዋ አንድ ነገር ልበል፤ የክርክሩ ሥር ያለው እዚያ ነውና። የብሪታንያ የትራክ ብስክሌተኞች የሚሠለጥኑት ማንቸስተር በሚገኘው ብሔራዊ ማዕከል ነው። ማዕከሉን የሚያስተዳድረው ብሪትሽ ሳይክሊንግ፣ ማለትም ፌዴሬሽኑ ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ዩኬ ስፖርት ከሚባለው የመንግሥት ተቋም ሲሆን፣ ምንጩ በአብዛኛው ብሔራዊ ሎተሪ ነው። ለሪዮ ዝግጅት ብስክሌት ብቻ ወደ 30 ሚሊዮን ፓውንድ ተመድቦለት ነበር። ከዚህ ውስጥ ስፖርተኛው በቀጥታ ለኑሮው የሚያገኘው ከታክስ ነፃ የሆነ ድጎማ ነው፤ በወቅቱ ጣሪያው በዓመት 28,000 ፓውንድ ነበር። አሠልጣኙ፣ ሐኪሙ፣ ብስክሌቱ፣ ጉዞው ሁሉ በማዕከሉ በኩል ይቀርባል።

በልዋጩ ስፖርተኛዋ የምትፈርመው ስምምነት አለ። መቼ እንደምትሠለጥን፣ የት እንደምትገኝ፣ ምን እንደምትለብስ፣ ስሟንና ፊቷን ለማን ማስታወቂያ ማዋል እንደምትችል ተጽፏል። ያው ስምምነት ይህ የሥራ ውል አይደለም ብሎም ይናገራል።

መጋቢት 2016 የዓለም ሻምፒዮና ለንደን ላይ ተካሄደ፤ ያው ቬሎድሮም፣ ያው እንጨት። ቫርኒሽ አንደኛ ተነሺ፣ ኬቲ ማርቻንት ሁለተኛ። አምስተኛ ወጡ። በዚያ ውጤት ብሪታንያ በሴቶች የቡድን ስፕሪንት ወደ ሪዮ ማለፍ አልቻለችም። ከብስክሌቱ እንደወረዱ ማይክሮፎን ቀረበላቸው፤ ሁለቱም ከበላያቸው ያሉ ሰዎች በቡድን አመራረጥ ላይ የሠሩትን ስህተት በግልጽ ተናገሩ። ላባቸው ሳይደርቅ በቴሌቪዥን ማለት ነው።

ከወር በኋላ ቫርኒሽ ስምምነቷ እንደማይታደስ ተነገራት። ፌዴሬሽኑ ምክንያቱ ውጤቷ እያሽቆለቆለ መምጣቱ ነው አለ። እሷ ደግሞ ሌላ ነገር ተናገረች፤ የቴክኒክ ዳይሬክተሩ ሼን ሱተን ዕድሜዋ እንደገፋ፣ ሄዳ ልጅ ብትወልድ እንደሚሻል ነግረውኛል፣ ስለ ሰውነቴም ተናግረዋል አለች። 25 ዓመቷ ነበር። ሱተን አልተናገርኩም ብለው ካዱ። የአካል ጉዳተኛ ብስክሌተኞችን ሰድበዋል የሚል ሌላ ክስም ከሌላ ወገን መጣ፤ ሱተን በሚያዝያ መጨረሻ ሥራቸውን ለቀቁ።

የፌዴሬሽኑ የውስጥ ምርመራ በጥቅምት ሲያልቅ፣ ከዘጠኝ ክሶች አንዱን ብቻ ተቀበለ፤ ሱተን ስለ ሴት ብስክሌተኞች ጾታን የሚያዋርድ ቃል መጠቀማቸውን። የቀሩትን ስምንቱን በቂ ማስረጃ አላገኘሁባቸውም አለ። በቀጣዩ ዓመት፣ በሰኔ 2017፣ በአናማሪ ፌልፕስ የተመራው ገለልተኛ ግምገማ ታተመ፤ በፕሮግራሙ ውስጥ የፍርሃት ባህል እንደነበረ፣ ቦርዱም ተገቢውን ቁጥጥር እንዳላደረገ የሚገልጽ ነበር። ፌዴሬሽኑ ለውጥ አደርጋለሁ ብሎ ዕቅድ አወጣ።

እስከዚህ ያለውን በዜና የሰማ ሰው ብዙ ነው። የእኔ ጉዳይ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ቫርኒሽ ፍርድ ቤት ሄደች። ያለአግባብ ተሰናብቻለሁ፣ በጾታዬ ምክንያት ተበድያለሁ ብላ። ችሎቱ ግን ወደ በደሉ ከመግባቱ በፊት የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነበረው፤ ለመሆኑ አንቺ የማን ሠራተኛ ነሽ? የሥራ ሕጉ የሚጠብቀው በሕጉ ሠራተኛ የሆነን ሰው ነው። ሠራተኛ ካልሆንሽ ተሰናበትኩ ማለት አትችይም፤ ያልተቀጠረ ሰው አይባረርምና።

በታኅሣሥ 2018 ማንቸስተር ላይ ክርክሩ ተሰማ። የቫርኒሽ ጠበቆች የሕይወቷን መርሐ ግብር ዘርዝረው አስረዱ፤ ከጠዋት እስከ ማታ በእነሱ ትእዛዝ ሥር ነበረች፣ ይህ ሥራ ካልሆነ ምንድን ነው አሉ። ተከሳሾቹ በበኩላቸው እኛ አገልግሎት ሰጪ ነን፣ ተጠቃሚዋ እሷ ናት አሉ። ዳኛው በጥር 2019 ውሳኔያቸውን ሰጡ። ቫርኒሽ የብሪትሽ ሳይክሊንግም የዩኬ ስፖርትም ሠራተኛ አልነበረችም። የምታደርገው ነገር በደመወዝ ልዋጭ የሚሠራ ሥራ ሳይሆን፣ በዓለም መድረክ ውጤት አገኛለሁ በሚል ተስፋ የሚደረግ ልምምድ ነው። ድጎማው ደግሞ ለተማሪ ከሚሰጥ የትምህርት ድጋፍ ጋር ይመሳሰላል። ይግባኝ አለች፤ በሐምሌ 2020 ይግባኙም ውድቅ ሆነ።

ልብ በሉልኝ። ሂጂና ውለጂ ተብላለች ወይስ አልተባለችም? የተሰናበተችው ስለ ደከመች ነው ወይስ ስለ ተናገረች? ይህን ጥያቄ ያ ችሎት አልመረመረውም። ሁሉም ነገር በሩ ላይ አለቀ።

አሁን ወደ ራሴ አስተያየት ልግባ።

ሕጉን ብቻ ይዤ ካየሁት ዳኛው ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የሥራ ውል የሚለው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ሊሠራ ሲስማማ ነው። መሪነቱ እዚህ ሞልቶ ተርፏል፤ የጎደለው ደመወዝ የሚለው ቃል ነው። የወረቀቱን ርእስ ድጎማ ያለ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን ክርክር ግማሽ አስቀድሞ ረትቷል። እኔ ራሴ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋር ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ በተነገረኝ ቀን፣ በተነገረኝ ርእስ፣ በተነገረኝ ርዝመት ስጽፍ ኖሬ፣ አንድ ቀን አትምጣ ስባል ደብዳቤ እንኳ አልነበረም። ደብዳቤ ሊጻፍልህ መጀመሪያ ተቀጣሪ መሆን አለብህ። ስለዚህ የቫርኒሽን ጉዳይ ሳነብ ገለልተኛ ነኝ አልላችሁም።

ግን የተማሪው ምሳሌ አልተዋጠልኝም። ተማሪ ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ዲግሪውን ይዞ ይወጣል፤ አንዱ ቢያሰናብተው ሌላው ይቀበለዋል። ደግሞ ተማሪ ሲያሸንፍ ሜዳልያው ለዩኒቨርሲቲው የቀጣይ አራት ዓመት በጀት አይሆንም። በብሪታንያ አሠራር ግን የሜዳልያ ተስፋ ነው በጀቱን የሚወስነው፤ ሜዳልያ የማያመጣ ስፖርት ገንዘቡ ይቀነስበታል። የቫርኒሽ እግር ለሌሎች ሰዎች እንጀራ ነበር። ለአሠልጣኙ፣ ለሐኪሙ፣ ለዳይሬክተሩ። እነዚህ ሁሉ ቅጥር ናቸው፤ የሥራ ውል አላቸው፤ ሱተንም ሲለቁ የለቀቁት ሥራ ነው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ተቀጣሪ ያልነበረችው ፔዳሉን የምትመታዋ ናት።

አንድ ወዳጄ ይህን ሳወራው፣ «እና ምን ይጠበስ? የእኛ ሯጮችስ ማን ቀጠራቸው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ልዩነት አለው፤ ልዩነቱም ነው ነገሩን የሚያብራራው።

የእኛ የረጅም ርቀት ሯጭ ብዙ ጊዜ ሦስት በር አላት። በክለብ ደመወዝ ታገኛለች፤ ንግድ ባንክ፣ መቻል፣ ኤሌክትሪክ፣ ማረሚያ፣ ፖሊስ። ማናጀር አላት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ገበያ አላት። ብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ ስሟ ሲዘለል ታለቅሳለች፣ ሬዲዮ ላይ ትናገራለች፣ እኛም ከእያንዳንዱ ኦሎምፒክ በፊት የለመድነውን የምርጫ ጭቅጭቅ እንጨቃጨቃለን። ግን በጥር ዱባይ፣ በሚያዝያ ቦስተን አለ። በዚያ አስፋልት ላይ የፌዴሬሽን ፊርማ አይደለም የሚያሸንፈው። ቢኒያምም ቢሆን ደመወዙን የሚከፍለው አገሩ ሳይሆን የአውሮፓ የንግድ ቡድን ነው።

የትራክ ስፕሪንተር እንዲህ ያለ በር የላትም። የቡድን ስፕሪንት አንደኛ ተነሺን ከፍሎ የሚያሮጥ ከተማ የለም። ለ19 ሰከንድ የተሠራ ሰውነት በጎዳና ውድድር ላይ አይረዳም፤ ጡንቻው ራሱ ዳገት ላይ ሸክም ነው። አንድ ቬሎድሮም፣ አንድ ፕሮግራም፣ አንድ ዳይሬክተር። ያንን ዳይሬክተር በቴሌቪዥን መውቀስ ማለት አንድ ፋብሪካ ብቻ ባለበት ከተማ ከሥራ አስኪያጁ ጋር መጣላት ማለት ነው።

ከእኛ ስፖርተኞች ከቫርኒሽ ጋር የሚመሳሰሉት ስለዚህ የማራቶን ኮከቦቻችን አይደሉም። ጦር ወርዋሪዋ ናት። የእርምጃ ተወዳዳሪዋ፣ ቦክሰኛዋ፣ ብስክሌተኛዋ ናት። ፌዴሬሽኑ ስሟን ከሰረዘ ሌላ የምትሄድበት የሌላት ሁሉ። ስለ እነዚህ ልጆች ቅሬታ አንድም ልዩ ዘገባ ሠርቼ አላውቅም፤ ካሜራችን መስመሩን አቋርጦ የሚገባውን ብቻ ነው የሚከተለው።

ወደ ፎግል ልመለስ።

ክሪስቲና ፎግል ከለንደን በኋላ የዘመኑ ትልቋ ስፕሪንተር ሆነች። ሪዮ ላይ በግል ስፕሪንት ወርቅ ወሰደች፤ በፍጻሜው መጨረሻ ላይ ኮርቻዋ ተነቅሎ ወድቆባት እንኳ አሸንፋለች። በዓለም ሻምፒዮና 11 ወርቅ ሰበሰበች። በሰኔ 2018 ኮትቡስ ላይ ልምምድ ስታደርግ በሙሉ ፍጥነት እያለች ትራኩ ላይ ከነበረ ሌላ ብስክሌተኛ ጋር ተጋጨች። አከርካሪዋ ተጎዳ፤ ዳግመኛ በእግሯ አትሄድም። 27 ዓመቷ ነበር።

ፎግል የጀርመን ፌዴራል ፖሊስ ባልደረባ ነበረች። በጀርመን ከፍተኛ ስፖርተኞችን በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊትና በጉምሩክ ቀጥሮ ማሠልጠን የቆየ አሠራር ነው። አደጋው የደረሰባት ዕለት ደመወዝ፣ ማዕረግና አሠሪ ያላት ሰው ነበረች። ይህ ሁሉን ነገር አልሸፈነላትም፤ ወዳጆቿ ገንዘብ አሰባስበውላታል። ግን የማን ናት የሚለውን ጥያቄ አልጋዋ ላይ ሆና መመለስ አልነበረባትም። በቀጣዩ ዓመት በኤርፉርት ከተማ ምክር ቤት ተመርጣለች።

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. መኪናው ተገልብጦ ከወገቡ በታች ሽባ ሲሆን የክብር ዘበኛ ሻምበል ነበር። ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ፤ በኋላም በዚያው በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ሲወረውር ዓለም አየው። በዚያ ዘመን ስለ ስፖርተኛ መብት የሚያወራ አልነበረም፤ አበበ ግን ከሩጫ በፊት ወታደር ነበር፤ ሩጫውን ካጣ በኋላም ማዕረጉ አልጠፋም። ለዚህ ነው የክለብና የሠራዊት ስፖርት ዘመን አልፎበታል እያሉ የሚያጣጥሉትን ስሰማ የማልቸኩለው። ብዙ ጉድ አለበት፤ አውቃለሁ። ሆኖም ስፖርተኛው ስሙ የተመዘገበበት አንድ መዝገብ አለ።

እንግዲህ ስፖርተኛ ሁሉ ይቀጠር ነው የምለው? አይደለም። ዩኬ ስፖርት ያነሳው ስጋት ባዶ አልነበረም፤ ቫርኒሽ ብትረታ ኖሮ በድጎማ ሥር ያሉትን በርካታ ስፖርተኞች አያያዝ መቀየር፣ ወጪውን መሸከም ግድ ይሆን ነበር። ገንዘቡ ያው ከሆነ የሚቀንሰው የስፖርተኛው ቁጥር ነው፤ መጀመሪያ የሚቀነሰው ደግሞ ገና ያልታወቀው ወጣት ነው። አሠልጣኝም የደከመን ስፖርተኛ የማውጣት ሥልጣን ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ ብሔራዊ ቡድን የጡረታ ማኅበር ይሆናል። የቫርኒሽ ሰዓት በእርግጥ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ።

የማልቀበለው፣ ውሳኔውን የሰጠው አካል፣ ቅሬታውን የሚሰማው አካልና ቅሬታው የቀረበበት አካል በአንድ ኮሪደር ውስጥ መሆናቸውን ነው። የብሪታንያ መንግሥት ራሱ ታኒ ግሬይ-ቶምሰንን የስፖርተኞችን አያያዝ እንድትመረምር አድርጎ ነበር፤ የ11 የፓራሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ናት። በሚያዝያ 2017 ያወጣችው ሪፖርት ከሁሉ አስቀድሞ የመከረው አንድ ነገር ነው፤ ራሱን የቻለ የስፖርት እምባ ጠባቂ ይቋቋም። ልብ ብላችሁ ከሆነ ይህ ምክር የመጣው የቫርኒሽ ክርክር ችሎት ከመቅረቡ በፊት ነው። እምባ ጠባቂው ቢኖር ኖሮ ሠራተኛ ነኝ ብላ አራት ዓመት መሟገት አያስፈልጋትም ነበር፤ ስፖርተኛ መሆኗ ብቻ በቂ ነበር። አልተቋቋመም። ዩኬ ስፖርት ከየፌዴሬሽኑ ውጭ የሆነ የቅሬታ መቀበያ አገልግሎት በሙከራ ደረጃ የጀመረው ይግባኟ ከወደቀ በኋላ፣ በ2022 ነው።

ለእኛም የሚያስፈልገን ይህን ያህል ነው። አዲስ ሕንፃ አይደለም፤ አዲስ አዋጅም ላይሆን ይችላል። የጦር ወርዋሪዋን ቅሬታ የሚሰማ፣ ከአሠልጣኟ ጋር ምሳ የማይበላ ሰው ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ስለ መውለድ። ቃሉ ተብሏል አልተባለም በሚለው ላይ ሱተን እንደካዱ ነግሬያችኋለሁ፤ እዚያ ላይ አልፈርድም። ግን ሴት ስፖርተኛ ከወለደች አለቀላት የሚለው እምነት ከአንድ ሰው አፍ የወጣ አይደለም፤ በየሜዳው ያለ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስንሰማ ልንስቅ ይገባን ነበር። ደራርቱ ቱሉ ልጇን በ1998 ወልዳ፣ በ2000 ሲድኒ ላይ የ10,000 ሜትር ወርቅ ስትወስድ በእኩለ ቀን ሱቃችንን ዘግተን ነው ያየናት።

ኬቲ ማርቻንትም አለች። ያቺ በመጋቢት 2016 ከቫርኒሽ ኋላ የተከተለችው፣ አብራት በማይክሮፎኑ ፊት የቆመችው። እሷ አልተሰናበተችም፤ በግል ስፕሪንት ወደ ሪዮ ሄዳ ነሐስ አመጣች፤ ፎግል ባሸነፈችበት ውድድር። በ2022 ልጅ ወለደች። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ፣ አሁን ሦስት ሰው ሦስት ዙር በሆነው የቡድን ስፕሪንት፣ ከሶፊ ኬፕዌልና ከኤማ ፊኑኬን ጋር ተሰለፈች። ፊኑኬን የዌልስ ልጅ ናት፤ በዚያ ኦሎምፒክ ሦስት ሜዳልያ ወሰደች፤ ዕድሜዋ 21፣ ቫርኒሽ ለንደን ላይ የነበረችበት ዕድሜ። ኒውዚላንድን በፍጻሜው አሸንፈው የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ፤ ብሪታንያ በሴቶች የቡድን ስፕሪንት የኦሎምፒክ ሜዳልያ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ማርቻንት የተሰለፈችው አንደኛ ተነሺ ሆና ነው፤ በቫርኒሽ ቦታ። የዳኛው ውሳኔ እንደጸና ነው፤ ሦስቱም ያን ዕለት በሕጉ ዓይን የማንም ሠራተኛ አልነበሩም።